አማዞን ያደገው ሌሎችን እየገዛ ነው ወይስ በራሱ ጉልበት?

ሂሳብ ወዳድ (ክሩን የጀመረው)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እዚህ መድረክ ላይ "አማዞን የቆመው ተፎካካሪውን እየገዛ በማጥፋት ነው" የሚል ሐሳብ ደጋግሜ አነበብኩ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ዋናውን ነገር የሚሸፍን ይመስለኛል። ለብቻው ብንነጋገርበት ብዬ ነው ይህን ክር የከፈትኩት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጄፍ ቤዞስ አማዞንን በ1994 አቋቋመ። በ1995 መጽሐፍ መሸጥ ጀመረ። በግንቦት 1997 ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ አቀረበ። ብር እጁ እንደገባ ግዢው ተጀመረ። በሚያዝያ 1998 ሦስት ግዢዎችን በአንድ ላይ ይፋ አደረገ። የእንግሊዙ ቡክፔጅስ፣ የጀርመኑ ቴሌቡኽ እና የፊልም መረጃ የሚያጠናቅረው አይኤምዲቢ ናቸው። ሦስቱ ተደምረው ወደ 55 ሚሊዮን ዶላር ነው የወጣባቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አማዞን እንግሊዝና ጀርመን ውስጥ በራሱ ስም ሱቅ ከፈተ። አገሩንና የመጽሐፍ ገበያውን የሚያውቁ ሰዎችን ከነሥራቸው ተረከበ ማለት ነው። ከባዶ ቢነሳ በወራት ውስጥ የሚደርስበት ነገር አልነበረም።

በነሐሴ ደግሞ ጃንግሊንና የኦንላይን አድራሻ መያዣውን ፕላኔትኦልን ጨመረ። ለሁለቱ ወደ 280 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሰጠ። ጃንግሊ የተለያዩ ድረ ገጾችን ዋጋ እያነጻጸረ የሚያሳይ ቴክኖሎጂ ነበረው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አማዞን ውስጥ ግን ሥር አልሰደደም። ከዚያ የዶትኮም ግርግር፣ ማለትም የኢንተርኔት ኩባንያ ሁሉ አክሲዮን ከልክ በላይ የናረበት ጊዜ መጣ። አማዞን የቤት እንስሳት ዕቃ በሚሸጠው ፔትስ ዶት ኮም፣ የቤት ዕቃ በሚሸጠው ሊቪንግ ዶት ኮምና ዕቃ በፍጥነት በሚያደርሰው ኮዝሞ ውስጥ ድርሻ ገዛ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ2000፣ ኮዝሞ በ2001 ተዘጉ። ብሩን ውሃ በላው።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። ዛሬ አማዞንን አማዞን ያደረጉት የትኞቹ ናቸው ብትሉኝ ሦስት ነገር እጠራለሁ። ሌሎች ነጋዴዎች በእሱ ገጽ ላይ የሚሸጡበት ማርኬትፕሌስ፣ ደንበኛው አባልነት ከፍሎ ዕቃው በፍጥነት የሚደርስለት ፕራይም፣ እና ለሌሎች ድርጅቶች የኮምፒውተር አቅም በኢንተርኔት የሚያከራየው የክላውድ አገልግሎቱ ኤደብሊውኤስ። ማርኬትፕሌስ በ2000 ተጀመረ፣ ፕራይም በ2005፣ የክላውዱ ዋና አገልግሎቶች በ2006። አንዳቸውም አልተገዙም። ማርኬትፕሌስ እንዲያውም በሦስተኛው ሙከራ ነው የያዘለት። መጀመሪያ የጨረታ ገጽ ሞከሩ፣ ቀጥሎ ዚሾፕስ የሚባል። ሁለቱም አልሆኑም።

ታዲያ ግዢው ምን ሠራለት? የእኔ መልስ ይሄ ነው። ግዢ አማዞንን የጠቀመው የተገዛው ቤት ውስጥ ለራሱ ሥራ የሚሆን ዕውቀት ወይም መሣሪያ ሲያገኝ ነው። ተፎካካሪን ለማስወገድ የተገዛ ኩባንያ ግን እምብዛም አልበረከተለትም። እስኪ ሞግቱኝ።

የጉለሌው

ወንድሜ ዝርዝሩን ተመልከተው እስኪ። ጫማ ሻጩ ዛፖስ፣ ጌም በቀጥታ የሚታይበት ትዊች፣ የአስቤዛ ሱቆቹ ሆል ፉድስ፣ የበር ካሜራ ሠሪው ሪንግ፣ የፊልም ድርጅቱ ኤምጂኤም። መጽሐፍን ብቻ እንኳ ብንወስድ በ2008 በድምፅ የሚደመጡ መጻሕፍት የሚሸጠውን ኦዲብልን በ300 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዚያው ዓመት የአሮጌና የብርቅዬ መጻሕፍት ገበያውን አቤቡክስን ጨመረ። በ2013 አንባቢዎች መጽሐፍ የሚገመግሙበትን ጉድሪድስን ወሰደ። አዲሱም፣ አሮጌውም፣ የሚደመጠውም፣ የአንባቢው አስተያየት ሳይቀር አንድ እጅ ገባ። ይሄ መጠቅለል ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ማርኬትፕሌሱን ራሱ ሠራው ትላለህ፤ ሰዉ ሌላ የሚሄድበት ቦታ ሲያጣ እኮ ነው እዚያ የሚሰበሰበው።

ኬንት ፈረቃ

እኔ የምሠራው ኬንት፣ ዋሽንግተን ውስጥ ካለ የአማዞን መጋዘን ነው። ሲያትል ዙሪያ ሐበሻው ብዙ ስለሆነ ፈረቃ ላይ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። በዚህ ርዕስ ላይ አንድ ግዢ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። የመጋዘን ሮቦት ሠሪው ኪቫ ሲስተምስ።

ከውጭ ሆናችሁ ስታስቡት መጋዘን ማለት ሰው ጋሪ እየገፋ በመደርደሪያ መሃል የሚመላለስበት ነው። ድሮ እንደዚያው ነበር፤ ዛሬም ሮቦት የሌለባቸው መጋዘኖች አሉ። እኔ ጋ ግን እኔ አልንቀሳቀስም። መደርደሪያው ነው የሚመጣው። ሮቦቱ ቁመቱ ከጉልበት በታች ነው። መደርደሪያው ሥር ሹልክ ብሎ ይገባና ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ይዞት ይሄዳል። ወለሉ ላይ በየርቀቱ ኮድ የታተመባቸው ትንንሽ ተለጣፊዎች አሉ። ሮቦቱ ከሥሩ ባለው ካሜራ እነሱን እያነበበ ነው የት እንዳለ የሚያውቀው። ያ ቦታ በአጥር የተከለለ ነው፤ ማንም ዝም ብሎ አይገባበትም። እኔ ፊት ሲደርስ መደርደሪያው ዞር ብሎ ትክክለኛውን ጎን ይሰጠኛል። ስክሪኑ የዕቃውን ፎቶና ያለበትን ኪስ ያሳየኛል። አነሳለሁ፣ ስካን አደርጋለሁ፣ ሳጥን ውስጥ እከታለሁ። መደርደሪያው ሄደ፤ ከኋላው ተሰልፎ የነበረው መጣ። በእግር መሄድ የሚባል ነገር ስለሌለ መደርደሪያዎቹም በጣም ተጠጋግተው ይቆማሉ። በአንድ መጋዘን የሚገባው ዕቃ በዚያ ልክ ይጨምራል።

አማዞን ይሄን ኩባንያ የገዛው በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር ነው። መሥራቹ ሚክ ማውንትዝ ከዚያ በፊት ዌብቫን የሚባል የኦንላይን አስቤዛ ሻጭ ጋ ሠርቶ ነበር። ዌብቫን በ2001 ከሰረ። አንዷን ትዕዛዝ ለቅሞ ማዘጋጀት ስንት እንደሚያስወጣ እዚያ አይቶ ነው ሮቦት ወደመሥራት የሄደው።

ዋናው ነገር ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ኪቫ ከመገዛቱ በፊት ሮቦቶቹን ለሌሎች ቸርቻሪዎች፣ ለስቴፕልስ፣ ለዋልግሪንስና ለጋፕ ሁሉ ይሸጥ ነበር። አማዞን ከገዛው በኋላ ለሌላ መሸጥ ቀረ። ስሙም አማዞን ሮቦቲክስ ተባለ። ሌላው ነጋዴ አማራጭ ፍለጋ ተሯሯጠ። ኳየት ሎጂስቲክስ የሚባል የኪቫ ደንበኛ የሮቦት አቅራቢው ሲቋረጥበት የራሱን መሥራት ጀመረ፤ ሎከስ ሮቦቲክስ የተወለደው ከዚያ ነው። አማዞን በ2025 የሮቦቶቹ ቁጥር 1 ሚሊዮን መድረሱን አስታውቋል።

ስለዚህ ከሂሳብ ወዳድ ጋር እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ኪቫ የተገዛው ለመሣሪያው ነው፤ እውነት ነው። ግን ተፎካካሪው ያንን መሣሪያ እንዳያገኝ አድርጎም ነው የተገዛው። ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ሳባ የሕግ

ኬንት፣ የመጨረሻው አንቀጽህ ትክክል ነው። ወደ እኔ ሙያ ስለሚያመጣን የዳይፐሩን ታሪክ ልንገራችሁ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ኪድሲ የሚባል ኩባንያ ነበር። ማርክ ሎርና ቪኒት ባራራ የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች በ2005 ኒው ጀርሲ ውስጥ የጀመሩት ነው። ዳይፐርስ ዶት ኮም በሚለው ገጽ ይታወቃል። ዳይፐር ትርፉ ትንሽ፣ ማጓጓዣው ውድ የሆነ ዕቃ ነው። ግን የሕፃን እናት ሌሊት ዳይፐር አልቆባት ስታዝዝ እነሱ በማግሥቱ ካደረሱላት ሌላውንም ከእነሱ ትገዛለች። ወተቱን፣ ጋሪውን፣ ልብሱን። ብልሃቱ እዚያ ላይ ነው። መጋዘናቸውም በኪቫ ሮቦት ነበር የሚሠራው።

አማዞን ይህን ሲያይ የዳይፐር ዋጋ መቀነስ ጀመረ። በ2010 ደግሞ አማዞን ማም የሚል ለወላጆች ተጨማሪ ቅናሽ የሚሰጥ ፕሮግራም አወጣ። ኪድሲ በዚያ ዋጋ መቀጠል አልቻለም። ኢንቨስተር ማግኘትም ከበደው። በኅዳር 2010 አማዞን በ545 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛው መስማማቱ ተነገረ። ከዚያ ውስጥ 500 ሚሊዮኑ ጥሬ ገንዘብ፣ 45 ሚሊዮኑ ዕዳ መረከብ ነው። የአሜሪካ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪዎች አይተው አለፉት።

አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሐምሌ 29 ቀን 2020፣ ቤዞስ የተወካዮች ምክር ቤቱ የፀረ ሞኖፖል ንዑስ ኮሚቴ ፊት በቪዲዮ ቀረበ። ኮሚቴው የኩባንያውን የውስጥ ኢሜይሎች አስቀርቦ ነበር። የፔንሲልቬንያዋ ተወካይ ሜሪ ጌይ ስካንሎን በእነዚያ ሰነዶች ላይ ቆመው ጠየቁት። በዳይፐር ብቻ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክሰር ኩባንያው ተዘጋጅቶ እንደነበር ሰነዱ ያሳይ ነበር።

በ2017 አማዞን ኪድሲን ዘጋው። ምክንያቱ ትርፋማ አልሆነም የሚል ነው።

እንግዲህ ሂሳብ ወዳድ "ተፎካካሪን ለማስወገድ የገዛው እምብዛም አልበረከተለትም" ብለሃል። በምን ለክተኸው ነው? ኪድሲ በራሱ ሂሳብ ከሳሪ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ግን ዳይፐር ይዞ ወደ አስቤዛው ሁሉ ሊያድግ የነበረ ተወዳዳሪ ከመንገድ ወጣ። የዚህ ጥቅም በየትኛውም የሂሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም። እናትየዋ ዛሬ ሁለት ገጽ የማወዳደር ዕድል ቢኖራት ምን ያህል ትከፍል እንደነበር ማንም አያሰላላትም።

የጉለሌው

ሳባ ተባረኪ። እኔ በሁለት መስመር ልለው የፈለግኩትን ነው በደንብ ያስቀመጥሽው።

ሂሳብ ወዳድ

ሳባ፣ ጥያቄሽ ከባድ ነው። ላልፈው አልፈልግም።

የማርክ ሎርን ቀጣይ ታሪክ ግን ተመልከቺው። አማዞን ውስጥ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ወጣ። ጄት ዶት ኮም የሚባል የኦንላይን ሱቅ አቋቋመ። ዋልማርት በ2016 ጄትን በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ሎርን የአሜሪካ ኦንላይን ንግዱ ኃላፊ አደረገው። ጄት ራሱ በ2020 ተዘጋ፤ ሰውየው እስከ 2021 መጀመሪያ እዚያው ዋልማርት ቆየ። ማለትም አማዞን ኩባንያውን ገዛ፣ ሰውየውን ግን ማቆየት አልቻለም። ዕውቀቱ በጀርባ በር ወጥቶ ትልቁ ባላንጣው ቤት ገባ።

ዛፖስን ከኪድሲ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። አካሄዱ መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይነት ነው። ዛፖስ ጫማ ሻጭ ነበር፣ በ1999 የተመሠረተ። ጫማ ሳይለኩ መግዛት ያስፈራል። ዛፖስ ፍርሃቱን ያጠፋው ማድረሻውንም መመለሻውንም ነፃ አድርጎ፣ ለመመለስ 365 ቀን ሰጥቶ ነው። ሦስት ጥንድ ታዛለህ፣ አንዱን ታስቀራለህ፣ ሁለቱን ትመልሳለህ። አማዞን በ2007 ኤንድለስ የሚል የጫማ ገጽ ከፍቶ ሊገዳደረው ሞከረ። አልሆነም። በሐምሌ 2009 ሊገዛው ተስማማ። ስምምነቱ በአክሲዮን ስለነበር ሲፈረም 850 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው ዋጋ ኅዳር ላይ ግዢው ሲጠናቀቅ 1.2 ቢሊዮን አካባቢ ደረሰ። ኤንድለስ በ2012 ተዘጋ። እዚህ ላይ ዋናው ቤት የሠራው ወድቆ የተገዛው ቆመ።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ዛፖስን አልነኩትም። በራሱ ስም፣ በራሱ ከተማ፣ በራሱ አለቃ ተወው። ቶኒ ሼይ እስከ 2020 መርቶታል። አማዞንም ከዛፖስ ተምሯል። ዛፖስ ሥልጠናውን ጨርሶ "ይሄ ሥራ ለእኔ አይሆንም" ለሚል አዲስ ሠራተኛ 2,000 ዶላር ከፍሎ ይሸኝ ነበር። ቤዞስ ይህንኑ ወደ አማዞን መጋዘኖች ወሰደው። በ2014 ለባለአክሲዮኖች በጻፈው ደብዳቤ በመጀመሪያው ዓመት 2,000፣ በየዓመቱ 1,000 እየጨመረ እስከ 5,000 ዶላር እንደሚሰጥ ነግሯቸዋል። ገዢው ከተገዛው ሲማር ማለት ይሄ ነው።

ኬንት ፈረቃ

አዎ፣ ያንን ግብዣ አውቀዋለሁ። ወረቀቱ "እባክህ ይህን አትቀበል" በሚል ርዕስ ነበር የሚጀምረው። የቀድሞ ባልደረቦቼ ሲያነሱት እሰማለሁ።

ዴይራ 11

ሰላም ወገኖች፣ ከዱባይ ነኝ። አሜሪካ አሜሪካ ብቻ አትበሉ እንጂ። እኛ ፊት የተካሄደውን ግዢ ልንገራችሁ።

ሱቅ ዶት ኮም ዱባይ ውስጥ በ2005 የተጀመረ ነው። መሥራቹ ሶርያዊው ሮናልዶ ሙሻወር ነው። መጀመሪያ የጨረታ ገጽ ነበር፣ መክቱብ በሚባል የዐረብኛ ኢንተርኔት ኩባንያ ሥር። ያሁ በ2009 መክቱብን ሲገዛ ሱቅ ተለይቶ ቀረ። ከዚያ ወደ መደበኛ ኦንላይን ሱቅ ተቀየረ። አካባቢውን የሚያውቅ ቤት ነበር። ፈረንጅ ጥቁር ዓርብ የሚለውን የቅናሽ ቀን እዚህ እንዳለ ብታመጣው ያስቀይማል፤ ዓርብ የጁምዓ ቀን ነው። ስለዚህ በ2014 ነጭ ዓርብ ብለው አወጡት። ዛሬ በባህረ ሰላጤው ሁሉም ነጋዴ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ሌላው ዕቃው ሲደርስህ በጥሬ ገንዘብ መክፈል መቻሉ ነው። ካርድ ለሌለው ሠራተኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር። የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ስልክ አዝዘው በር ላይ ድርሃም ቆጥረው የሚከፍሉት ለዚህ ነው።

በ2017 አማዞን ሊገዛው መጣ። የዱባዩ የገበያ ማዕከላት ኩባንያ ኢማር ሞልስ 800 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ። ሱቅ ግን ወደ አማዞን ነው የሄደው። አማዞን በኋላ ባቀረበው ሪፖርት የከፈለው 580 ሚሊዮን እንደሆነ ታወቀ። የኢማር ሊቀመንበር መሐመድ አልአባር ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከሳዑዲ የመንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ጋር ሆኖ ኑን የሚባለውን ገበያ በዚያው በ2017 አስጀመረ። ቢጫ ቀለሙ ዛሬ በየሞተሩ ላይ ይታያል። የጉለሌው ወንድሜ "ሰዉ የሚሄድበት ሲያጣ" ብለሃል። እዚህ አማዞን ገዝቶ በገባበት ዓመት ነው ተፎካካሪው የተወለደው። እኛ ዛሬ ሁለቱን እያወዳደርን ነው የምንገዛው።

የሱቅ ስም ደረጃ በደረጃ ነው የጠፋው። ኤምሬትስ ላይ በግንቦት 2019 አማዞን ተባለ፣ ሳዑዲ በ2020፣ ግብፅ በ2021። ሠራተኛው፣ መጋዘኑ፣ በጥሬ ገንዘብ መክፈሉ ቀጠለ። ሙሻወርም እዚያው ኃላፊ ሆኖ ቆየ። ፔይፎርት የሚባለው የሱቅ የክፍያ ድርጅት ሳይቀር የአማዞን የክፍያ አገልግሎት ሆነ። እኔ እንደሚገባኝ አማዞን የገዛው ስሙን ሳይሆን አካባቢውን ማወቅን ነው።

ከሃንግዡ

እዚህ ቻይና ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው የሆነው። አማዞን በ2004 ጆዮ ዶት ኮምን በ75 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። መጽሐፍና ሲዲ የሚሸጥ ገጽ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ሌይ ጁን ነው፣ በኋላ የስልክ ኩባንያውን ሻኦሚን ያቋቋመው ሰው። አማዞን ጆዮን እንደ አሜሪካው ገጽ ለማድረግ ሞከረ። ቻይናዊ ገዢ ግን ከሻጩ ጋር እየተጻጻፈ፣ እየተከራከረ፣ በቅናሽ በዓላት እየተጋፋ መግዛት ነው የለመደው። ታኦባኦና ጄዲ የሚባሉት የአገሩ የኦንላይን ገበያዎች ያንን ሰጡት። በሐምሌ 2019 አማዞን የአገር ውስጥ ገበያውን ዘጋ። ብር ስላነሰው አይደለም ማለቴ ነው፤ ብሩስ ሞልቶ ነበር። የገዛውን ቤት አልሰማውም።

ጋሽ ከመርካቶ

ልጆቼ፣ ጥሩ ነው የምትነጋገሩት። እኔ በንግድ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እኛ ጋ ሱቅ ሲሸጥ "ቁልፍ" ነው የሚሸጠው። ቁልፍ ሲገዙ ሦስት ዓይነት ገዢ አለ። አንዱ ቦታውን ፈልጎ ይገዛል፤ ዕቃውን አውጥቶ የራሱን ይሞላል። አንዱ ደንበኛውን ፈልጎ ይገዛል፤ ይሄኛው አሮጌውን ሻጭ ለጥቂት ወር አብሮ ያስቀምጠዋል፣ አለበለዚያ ደንበኛ ይበተናል። ሦስተኛው ጎረቤቱ እንዳይወስደው ብሎ ይገዛና ዘግቶት ይቀመጣል። ሦስተኛው የሚችለው ካፒታሉ ሰፊ ለሆነ ብቻ ነው። የምትሉት ኩባንያ ሦስቱንም ያደረገ ይመስለኛል። ሱቅ የሚባለው ሁለተኛው ነው፣ ዳይፐሩ ሦስተኛው። ሆል ፉድስ የምትሉት የትኛው ነው?

ሂሳብ ወዳድ

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት አከፋፈል ከእኔ ይሻላል። ሆል ፉድስ በእርስዎ አባባል የመጀመሪያው ነው፣ ቦታ።

በሰኔ 2017 ይፋ ሆነ። 13.7 ቢሊዮን ዶላር። እስከዛሬ አማዞን ከገዛው ሁሉ ትልቁ ነው። ከ460 በላይ ሱቆች ነበሩት፣ አብዛኞቹ ደህና ገቢ ያለው ሰው በሚኖርበት ሰፈር። ዜናው የወጣ ቀን የሌላው ትልቅ የሱፐርማርኬት ድርጅት የክሮገር አክሲዮን 9 በመቶ ገደማ ወረደ። ገበያው የፈራው አማዞን ሌላውን ሁሉ ይበላል ብሎ ነው። ግዢው በነሐሴ እንደተጠናቀቀ የአንዳንድ ዕቃዎች ዋጋ ተቀነሰ፣ የፕራይም አባላት ቅናሽም ተከተለ።

ግን አስቤዛ ከባድ ሥራ ነው። ቲማቲም መጽሐፍ አይደለም፣ ይበላሻል። የአሜሪካ አስቤዛ ገበያ ላይ ዋልማርት ዛሬም አልተነቀነቀም። አማዞን በዚያ ሁሉ ገንዘብ ያገኘው ጥሩ ሱቆችንና የትኩስ ምግብ አቅርቦት ልምድን ነው። መንግሥቱን አልገለበጠም። ትዊች፣ የኦንላይን ፋርማሲው ፒልፓክ፣ ኤምጂኤም እና የክሊኒኮቹ ድርጅት ዋን ሜዲካል ከተለመደው ዕቃ መሸጥ ስለሚርቁ እዘላቸዋለሁ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ግዢ ግን ልጨምር። አናፑርና ላብስ፣ የእስራኤል የቺፕ ኩባንያ። በ2015 ተገዛ፤ ዋጋው 350 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ነው የተዘገበው። ከሆል ፉድስ ጋር ስታስተያዩት ምንም ማለት ነው። ዛሬ ኤደብሊውኤስ የሚጠቀምባቸው ግራቪተንና ትሬኒየም የሚባሉት ቺፖች የዚያ ቡድን ሥራ ናቸው። የችርቻሮው ትርፍ ቀጭን ነው፤ ትልቁ ትርፍ የሚመጣው ከክላውዱ ነው። እና ያንን ክላውድ ርካሽ ያደረገው ከወለል በታች ያለ፣ ማንም ሸማች የማያየው ግዢ ነው። ኪቫም እንደዚያው። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

ሳባ የሕግ

ስለ ተቆጣጣሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፣ ዘመኑ ስለተቀየረ። በነሐሴ 2022 አማዞን የሩምባ መጥረጊያ ሮቦት የሚሠራውን አይሮቦትን በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽን ተቃወመ። ስጋቱ አማዞን ሌሎች መጥረጊያ አምራቾችን በራሱ ገጽ ላይ ወደ ኋላ ይገፋል የሚል ነው። በጥር 2024 ስምምነቱ ፈረሰ። አማዞን 94 ሚሊዮን ዶላር ማካካሻ ከፈለ። አይሮቦት በዚያው ቀን 31 በመቶ ሠራተኛውን ለመቀነስ ወሰነ። በታኅሣሥ 2025 ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ለቻይናዊ አምራቹ ሊተላለፍ ሆነ።

ይህን የማነሳው ሚዛኑ ከባድ ስለሆነ ነው። ኪድሲን ዝም ብሎ ማሳለፍ ጉዳት አመጣ። አይሮቦትን ማገድም ለኩባንያው መዳን አላመጣም። እኔ አሁንም ማገዱ ተገቢ ነበር ባይ ነኝ። ገጹን የያዘው ራሱ ሻጭ ሲሆን ሌላው ሻጭ ምን ዋስትና አለው?

አድራሽ

ይህን ክር በሙሉ አነበብኩት። አዲስ አበባ ውስጥ በኦንላይን ታዝዞ ቤት ለቤት የሚያደርስ ትንሽ ድርጅት አለኝ። አንድ ሰፋ ያለ ድርጅት ሊገዛን እየጠየቀ ነው። ያሉን ሞተሮች ጥቂት ናቸው፣ ስማችንም ያን ያህል አይደለም። ምን አይተው ነው ብዬ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ሂሳብ ወዳድ

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አድራሻ እንዴት ነው የምትይዙት?

አድራሽ

ከተማው የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በደንብ ስለማይሠራበት እኛ በራሳችን ነው የምንጽፈው። "ከፋርማሲው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር፣ ሲደርሱ ይደውሉ፣ ውሻ አለ" የሚል ነው። ከካርታ ነጥብ ጋር ተያይዞ ተቀምጧል። ሾፌሮቻችን ከሄዱ በኋላ ያስተካክሉታል። አንድ ጊዜ የደረስንበት ቤት ሁለተኛ አይጠፋንም። አዲስ ሾፌር ብንቀጥር እንኳ በዚያ ነው የሚሠራው።

ሂሳብ ወዳድ

እሱን ነው የሚገዙሽ። ሞተሩን ከየትም ያገኙታል። ያንን መዝገብ ግን ከየትም አያገኙትም። ዋጋ ስትነጋገሩ የሞተር ቁጥር ላይ ተመሥርተሽ እንዳትነሺ።

ጋሽ ከመርካቶ

ልጄ፣ ሾፌሮችሽንም አስቢ። መዝገቡን የሚያድሱት እነሱ ናቸው። ገዢው ካሰናበታቸው መዝገቡም በአንድ ዓመት ያረጃል፤ ይህንን ለገዢው ራሱ ንገሪው። ለእነሱ ስትከራከሪ ለእሱም እየጠቀምሽው ነው።

ሳባ የሕግ

አድራሽ፣ በሕጉ በኩል። የአዋጁ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ውህደትን ይመለከታል። ድርጅት መግዛትም በዚያ ሥር ይታያል፣ የማሳወቅ ግዴታም አለበት። ገዢው የውጭ ከሆነ ደግሞ ችርቻሮን ጨምሮ ንግዱን ለውጭ ባለሀብት የሚከፍተው፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው መመሪያ ያስቀመጣቸውን ቅድመ ሁኔታዎች ማሟላቱን ጠይቂ። ከመፈረምሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ። መዝገቡን እንዲያዩት ስትፈቅጂም መጀመሪያ ምስጢር የመጠበቅ ውል አስፈርሚ፤ ቅጂም አትስጪ፣ እዚያው ቢሮሽ ይዩት። የደንበኞችሽ ስልክና የቤት ምልክት ስለሆነ ለእነሱም ኃላፊነት አለብሽ።

አድራሽ

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሐሙስ ነው የምንገናኘው። ቅጂውን ትናንት በኢሜይል እንድልክላቸው ጠይቀውኝ ነበር፤ አልላክሁም፣ አሁን ደግሞ አልልክም። የሾፌሮቹን ጉዳይ በጽሑፍ አድርጌ ነው የምሄደው።